ሰማያዊ ጥምጥም

ደህና ዋልሽ ሲስተር? ግቢ፣ ግቢ… እዚህ አግዳሚው ላይ አረፍ በይ፤ አሁን ነው የጠረግኩት፣ ቅባት የለውም። ውይ፣ ምን ዓይነት ሙቀት ነው እቴ! ገና እኩለ ቀን ሳይሆን እንዲህ ካደረገን ከሰዓት በኋላ ምን ሊያደርገን ነው? ሸሚዝሽ ጀርባሽ ላይ ተጣብቋል እኮ። ከማዋለጃ ክፍል ቀጥታ ነው መቼም የመጣሽው፤ እጅሽ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። እንኳን ማርያም ማረቻቸው ብለሻል፣ አይደል?

እንኪ ውሃ። ለብ ያለ ነው፤ ይቅርታ። ለእቃ ግምጃ ቤት ማቀዝቀዣ አይገባም ተብሏል፤ እውነትም ብሎን አያልበውም። ከግድግዳው ወዲያ ግን ብርድ ነው አሉ። ትሰሚያለሽ ያን ድምፅ? እምምም… ሲል? የኃላፊ ክፍል ኤሲ ነው። ግድግዳው ኮምፔንሳቶ ስለሆነ ቅዝቃዜው ባይደርሰን ድምፁ ይደርሰናል። የኛም ድምፅ ወዲያ ሳይደርስ አይቀርም… ይድረስ! ምን እናወራለን ብለሽ ነው? ሰው ማመስገን በዚህ ቤት እስካሁን አልተከለከለም።

መኪናሽን ግቢው ውስጥ ሳያት ደስ አለኝ። አስተያየት መዝገቡ ላይ ለመጻፍ ብቻ የመጣሽበትን ከቆጠርን ዛሬ አራተኛሽ ነው። ሰው የገዛ አክስቱን በወር አራት ጊዜ አይጠይቅም! አንቺም ለመድሽን፣ እኛም ለመድንሽ፣ ለመኪናዋማ ቤቷ ሆኗል።

መጀመሪያ የመጣሽ ቀን ትዝ ይልሻል? እዚሁ መስኮት ላይ ቆመሽ፣ እኔ የሥራ ካርድ ሳወጣልሽ፣ «ቀይ መብራት ላይ ስቆም ኤሲ ከከፈትኩ ትንቀጠቀጣለች፤ ስዘጋው ጸጥ ትላለች» አልሽ። በቃ ይኸው ነው ያልሽው። የኔው ሽማግሌ መጣ። ባሌ መሆኑን ታውቂያለሽ መቼም፤ ያ ረጅሙ፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው፣ ሠላሳ ዓመት እዚህ ቤት ሞተር የከፈተው። ኮፈኑን አነሳ፣ ረጅሙን ካቻቪቴ ሞተሩ ላይ ተከለና እጀታውን ጆሮው ላይ አደረገ። አንቺ ሳቅሽ። «እኔም የፅንስ ልብ የማዳምጠው እንዲሁ ነው» አልሽው። እሱ ያን ቀን ቤት ሲገባ ያወራው ስላንቺ ነበር፤ «ጆሮ የሚያከብር ሰው አገኘሁ» እያለ።

አዳመጠና ምን አለ? «ትንፋሽ አጥሯታል» አለ። እኔ መቼም ሠላሳ ዓመት ከሱ ጋር ኖሬ እንዴት አላውቀውም? መኪና ቆማ ሞተሯ ሲሠራ ሚኒሞ ላይ ናት፤ በትንሽ ትንፋሽ፣ ራሷን ብቻ ችላ። ኤሲ ሲከፈት ያቺ ቅዝቃዜ የምትሰጠው ኮምፕሬሰር «ጠቅ» ብላ ትያዝና ሞተሩ ላይ ትጫናለች። ጤነኛ ሞተር ትንሽ አየር ጨምሮ ይሸከማታል። የአየር መግቢያው ካርቦን ከያዘው ግን ከየት ያምጣው? ይንቀጠቀጣል። «ግማሽ ቀን ስጡኝ፣ ፈትቼ ልጠበው» ብሎ ካርዱ ላይ ጻፈ። ካርዱ እኔ ዘንድ አለ።

ሚኒሞ… እንዴት እንደምወደው ይሄን ቃል። ብቻውን ሲሆን ለስላሳ፣ ጨዋ፣ ድምፁ የማይሰማ፤ ትንሽ የሰው ሸክም ሲጫንበት ግን ከእግር እስከ ራሱ የሚርገፈገፍ፣ ስንት አለ መሰለሽ… መኪና። መኪና ነው ያልኩሽ ሲስተር፣ ምን ያስቅሻል?

ታዲያ በቤታችን አንድ ትልቅ ባለሙያ አሉ። ስም አልጠራም፤ ስማቸው በር ላይ በትልቁ ተለጥፎ እኔ ምን አደከመኝ። «ለጥቀርሻ ግማሽ ቀን?» አሉ። እውነታቸውን ነው! ትልቅ ሰው ጥቀርሻ ይነካል? መሣሪያቸውን ሰኩ፤ መሣሪያው «ስህተት የለም» አለ። መሣሪያ መቼም አይዋሽም፤ የሚዋሸው… ሽቦው ሊሆን ይችላል። ካንዴላ ቀየሩ። አልሆነም። ሚኒሞውን ከፍ አደረጉት። ይኸውልሽ ጥበብ! የሞተሩ ጩኸት መንቀጥቀጡን ሸፈነው። ሳምንት ሄድሽበት፤ በየቀይ መብራቱ ላይ መኪናሽ እንደ ሠርገኛ እየጮኸች፣ ነዳጅሽን እየጠጣች። ከዚያ መንቀጥቀጡም ተመለሰ፣ አንቺም ተመለስሽ።

ሁለተኛው ግን… ኧረ ሁለተኛውስ ተአምር ነበር። ሐሙስ ከሰዓት ነው፤ ቀኑን ያዢልኝ። መንቀጥቀጡ ጠፋ! ቀጥ! ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ሞተሩ ላይ አስቀምጠው ባለ ጋራዡን ጠርተው አሳዩ፤ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ፣ ኃጢአቴን ልናገር። ኤሲ ክፈቺ አሉሽ፣ ከፈትሽ፤ አረንጓዴዋ መብራት ቦግ አለች፤ ነፋሱም ፉ… ፉ… አለ። ምን ቀረ? ቅዝቃዜው ብቻ። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እሰማ ነበር፤ ኤሲ አለኝ በመብራትን ያየሁት ግን በእሳቸው ነው። «ሙቀቱ ስለበረታ ነው፤ ቀስ እያለ ይቀዘቅዛል» አሉሽ አይደል? አልዋሹሽም። ክረምት ሲገባ ይቀዘቅዛል።

የዚያን ቀን የኔው ሰውዬ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ጎማ ይነፋ ነበር። አዎ፣ ጎማ። ከሞተር ወደ ጎማ አዛውረውታል፤ ለወገቡ ታስቦለት ነው። መኪናሽ በር ላይ ቆማ ዘበኛው ወረቀት ሲያይ፣ እሱ ቀና አለና «ጠቅ አላለችም» አለ። «ምኗ?» ሲሉት፣ «ኮምፕሬሰሯ። ልጅቷ ኤሲውን ስትከፍት መብራቱ በራ፣ እሷ ግን አልተያዘችም። ይቺ መኪና አልተሠራችም» አለ። ከአሥር እርምጃ ላይ፣ በዚያ ሁሉ የመዶሻ ጋጋታ መሀል! ከዚያ ወዲያ ነው እንግዲህ ጆሮው መድከሙ የታወቀው። «አባባ፣ ጆሮህን ታየው» ተባለ፤ በርኅራኄ፣ ትከሻው ተደባብሶ። ለባለ ጋራዡም «ሽማግሌው የሌለውን ነገር መስማት ጀምሯል» ተብሎ ተነገረ። እውነት ነው እኮ! የሌለችውን ነው የሰማው። ጠቅታዋ አልነበረችማ።

ሰኞ ደግሞ መጣሽና አስተያየት መስጫው መዝገብ ላይ ጻፍሽ። እጅ ጽሑፍሽ ያምራል፤ ሐኪም ቤት የሚሠራ ሰው አይመስልም። «ሽማግሌው ከነካው ወዲህ ኤሲው ሞቷል» ብለሽ። ሽማግሌው ነካው ብሎ ማን ነገረሽ አልልሽም። እኔ ምን አገባኝ? አንቺ ከየት ታውቂያለሽ፣ የነገሩሽን ጻፍሽ። አልተቀየምኩሽም። … ልዋሽሽ እንዴ? ተቀይሜሻለሁ። ሁለት ቀን እህል አልወረደልኝም። እሱ ኤሲሽን አልነካም አንቺ ሲስተር! አንዲት ብሎን አልፈታም! ካዳመጣት ወዲያ እጁ መኪናሽ ላይ አላረፈችም።

እሺ… እሺ፣ ቀዝቀዝ ልበል። ሙቀቱ ነው።

ይኸውልሽ፣ ባለ ጋራዡ ያን መዝገብ አነበቡ። ዛሬ ስድስት ሰዓት ይመጣሉ። አንቺን በስልክ ያስጠሩሽ ለዚሁ ነው፤ አንቺን ፊት ለፊት ይቅርታ ሊጠይቁ፣ እሱን ደግሞ ከሥራ በክብር ሊሸኙ። የምስጋና ወረቀቱ ታትሟል፤ ዙሪያውን በወርቃማ ሐረግ የተከበበ፣ መሀሉ ላይ «ለአባታችንና ለመምህራችን» የሚል። ቃላቱን ያቀነባበሩት እኚያው ባለሙያ ናቸው። እንዴት ያለ ልብ ነው! ሰውን ገፍቶ ጥሎ ደግሞ «አፈሩን ከልብሱ አራግፉለት» ብሎ ብሩሽ የሚያቀብል ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?

ሰውየው አሁን ጓሮ ነው። መፍቻዎቹን በጋዝ እያጠበ፣ እያደረቀ፣ በየቁጥራቸው ሳጥን ውስጥ ይደረድራል። ስምንት፣ አሥር፣ አሥራ አንድ… ጠዋት «አሥራ ሁለት ቁጥሩ ጠፋኝ» አለኝ። «ለዚያ ለምትወደው ሰው አውሰኸው አልነበር?» አልኩት። ባዶውን ቦታ በጨርቅ ወለወለ። «ይጠቀምበት» አለ። እኔ እንዲህ ያለ ባል ነው ያለኝ፤ ይሄን ይዤ ምን ልሁን?

ለነገሩ እኚህ ባለሙያ ዱሮ… ምን ያህል ዱሮ መሰለሽ? አሥራ አንድ ዓመት። እዚህ ሲመጡ ብሎን በየት በኩል ይፈታል ቢባሉ «በጉልበት» ብለው የመለሱ ሰው ናቸው! ሁለት ዓመት እኛ ቤት ኖሩ፤ ሳሎናችን ሶፋ ላይ የእግራቸው ቦታ እስካሁን ጎድጉዷል። የቱታ ቅባት በምን እንደሚለቅ የተማርኩት በእሳቸው ነው። እሱ ደግሞ ማታ ማታ ምግብ ጠረጴዛችን ላይ ካርቡራተር ይዘረግፍላቸው ነበር፤ ሾርባችን ቤንዚን ቤንዚን እየሸተተ እንበላ ነበር። ዛሬ ሰው ሲጠይቃቸው «ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት፣ በኮምፒውተር» ይላሉ። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ይባላል። በቅሎዋ ትሻላለች እቴ፤ እሷ ቢያንስ ከዘመድ አልወጣችም። ውሻ በበላበት ይጮኻል የሚሉትንም ልተርትልሽ ነበር፤ ተውኩት፣ ስድብ ይሆናል… ለውሻው።

ነይማ እስቲ፣ ወደ መስኮቱ ጠጋ በይ። መኪናሽ እዚያ ጥላው ሥር ናት። ኮፈኗን ገና ስትገቢ በዘበኛው እኔ ነኝ ያስከፈትኩት፤ እሷም በዚህ ሙቀት ትናፈስ ብዬ። ከፊት በቀኝ በኩል፣ ቺንጊያው የሚዞርበት፣ ያ ክብ ነገር ኮምፕሬሰሩ ነው። አጠገቡ ተንጠልጥላ የምትታይሽ ሽቦ አለች? እሷ ተሰክታ መዋል የነበረባት ናት። ካልተሰካች ኮምፕሬሰሩ አይያዝም፤ ካልተያዘ ሞተሩ አይከብደውም፤ ካልከበደው አይንቀጠቀጥም። መብራቱ ግን ይበራል፣ ነፋሱም ይነፍሳል። እንዴት ያለ ቀላል ሕክምና ነው! አንቺ ሲስተር፣ ምጥ የያዛት ሴት ስትጮኽ አፏን በጨርቅ ብታስሪና ጸጥ ብትል፣ ተገላገለች ብለሽ ካርዷ ላይ ትፈርሚያለሽ? … ወይ የኔ ነገር፣ ሰውና መኪና ቀላቀልኩ። ባለቤቱን ካልናቁ መኪናውን አይነቀንቁ ነው የሚባለው፤ አንቺን ግን መነቅነቁን አስቁመው ነው የናቁሽ… ያከበሩሽ ማለቴ ነው። ምላሴ ዛሬ ምን ነካው?

ጫፏን ግን እዪልኝ። ቴፕ ተጠምጥሞባታል። አጠማጠሙን ልብ በይ! ዙር፣ ዙር፣ ዙር… ጫፉ እንኳ እንዳይላቀቅ ወደ ውስጥ ታጥፏል። እንደ ሕፃን እትብት ነው የታሰረው፤ አንቺ ትፈርጂዋለሽ። የዱሮ ሰዎች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይሉ ነበር። ሞኞች! እንዲህ መጠምጠም ለቻለ ሰው መማር ምን ያደርግለታል?

ማን ጠመጠመው? እኔ እንጃ። እኔ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ እቃ እሰጣለሁ፣ አስፈርማለሁ፣ በቃ። ቀለሙን ብቻ ልብ በይ… ሰማያዊ ነው። እኛ ቤት ሁልጊዜ ጥቁር ነው የምንጠቀመው። በዚያ ሳምንት ጥቁሩ አለቀ፤ የነበረኝ አንዲት ጥቅል ሰማያዊ ናት፣ ዓምና በስህተት የመጣች፣ ማንም «ይሄ የልጆች መጫወቻ ነው» እያለ የማይነካት። አንድ ሰው ብቻ ወሰዳት። ሐሙስ፣ ስምንት ሰዓት ከሩብ። ይኸው መዝገቡ… እኔ ምንም አላነበብኩልሽም፤ አንቺ ራስሽ ነሽ ዓይንሽን የጣልሽበት። ዓይን መቼም አይከለከልም።

ፊርማው አያምርም? ጅራቱ እንዴት እንደሚሽከረከር! ይሄን ፊርማ ማን እንዳወጣለት ታውቂያለሽ? የመጀመሪያዋን መፍቻ ከዚህ መስኮት ሲወስድ «ፊርማ የለኝም» ብሎ አፈረ። የኔው ሰውዬ የካንዴላ ካርቶን ገልብጦ፣ «እንዲህ አድርግ፣ እንዲህ አዙረው» እያለ እጁን ይዞ አስጻፈው። ይኸው እስከ ዛሬ አልቀየረውም። ከኛ ቤት ከወሰደው ሁሉ ይሄን እንኳ ሳይክድ ጠብቆታል፤ ማመስገን ይገባል።

ስንት ሰዓት ሆነ? ለስድስት ሩብ ጉዳይ? … ስሚኝ የኔ እህት፣ ለባለ ጋራዡ እንዲህ በይልኝ፣ እንዲያ በይልኝ አልልሽም። ኧረ በስመአብ! አንድ ነገር ብቻ ጠይቂያቸው፤ «ኤሲዬን ክፈቱና ጠቅታዋን አሰሙኝ» በያቸው። ጠቅ ካለች የኔው ሰውዬ ጆሮው ሞቷል፤ ወረቀቱን ይሸከም፣ እኔም ሳጥኑን ይዤለት አብሬው እወጣለሁ፣ ቤታችን ቁጭ ብለን ግድግዳ እናያለን። ጠቅ ካላለች ደግሞ… ካላለች የማን ጆሮ እንደሚመረመር ያኔ እናያለን። ያንን የጻፍሽውንም በዚያው እጅሽ ታርሚዋለሽ፤ እስክሪብቶ አለኝ።

ቆይ… ሰማሽ? ኤሲው ቆመ። ከግድግዳው ወዲያ ጭር አለ። በሩም ተከፈተ። ምነው እቴ፣ በዚህ ሙቀት ከዚያ ብርድ ወጥተው ጉንፋን እንዳይዛቸው!

ውይ ጌታዬ! እርስዎ ነዎት? በእግርዎ መጡ? ሰው ልከው ያስወስዱ አልነበር? ምን ልታዘዝ… መቀስ? ትንሿን መቀስ? ይኸው አለችልዎ፤ ለእርስዎ ያልሆነች መቀስ ለማን ልትሆን ነው። የምትቆረጥ ነገር አገኙ እንዴ? ቴፕ ምናምን? … ኧረ አልጠየቅኩም፤ የኔ ሥራ መስጠትና ማስፈረም ነው። አዎ፣ ይፈርሙልኝ እንጂ። ያለ ፊርማ ምንም ነገር ከመስኮት አይውጣ ብለው ማስታወቂያ የለጠፉት እርስዎ አይደሉ? እዚህ ጋ… ከሐሙሱ መስመር ሥር። ጎን ለጎን ሲሆኑ እንዴት ያምራሉ፣ መንታ ይመስላሉ እኮ።

ምነው፣ እጅዎ ተንቀጠቀጠሳ? አይዞዎት፣ ሚኒሞ ላይ ሆኖ ትንሽ ነገር ሲጫንበት ነው።

ሲስተር፣ የባለ ጋራዡ መኪና ገባች። ሂጂ አንቺ፣ ሂጂ፤ ኮፈኑ ክፍት ነው፣ ቁልፉም እጅሽ ላይ ነው። ሰውዬዬንም ከጓሮ ጥሪልኝ፤ «ጆሮህን ይዘህ ና» በይው።

አንተ ደግሞ ቆይ፣ መቀሷን ይዘህ አትሩጥ። ዛሬ አንተ ልበልህ? አፌ ዱሮ የለመደው እሱን ነው። ጎንበስ በል ልመርቅህ፤ ለመንጃ ፈቃድ ፈተና ስትሄድ ደጄ ላይ እንደመረቅኩህ። ቂም የለኝም፣ እይ፣ እጄን ራስህ ላይ አድርጌያለሁ። ዕድሜ ይስጥህ። ሽበት ያልብስህ። ጆሮህ አይድከም፤ ከኋላህ የሚባለውን ሁሉ ጥርት አድርገህ የምትሰማበት እርጅና ይስጥህ። እጅህ የነካው ሁሉ ጸጥ ይበል። ብቻህንም አትቅር፤ ከቤትህ የበላ፣ ሶፋህ ላይ የተኛ፣ ፊርማውን ሳይቀር እጁን ይዘህ ያስጻፍከው፣ የምትወደው፣ ጎበዝ፣ ልክ እንዳንተ ያለ ተማሪ ይስጥህ። አሜን በል እንጂ፣ የኔ ልጅ።